በገና ጨዋታ የተቆጣሁ እኔ ነኝ

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያለው ሰው የባህረ ሰላጤ አገሮችን የበረዶ ሆኪ ውድድር ለመከታተል ሞክሮ አያውቅም። እኔ ሞክሬያለሁ፤ ተቆጥቻለሁም። ዛሬ ብሶቴን እዘረግፈዋለሁ፤ የሰለቸው ይለፈኝ።

መጀመሪያ ከዘመዶቼ ጋር ያለብኝን ሒሳብ ላወራርድ። ዱባይ ሆኜ «ዛሬ ማታ የበረዶ ሆኪ አለ» ባልኩ ቁጥር ከአዲስ አበባ የሚመጣው መልስ አንድ ነው፦ «በዚያ ሐሩር ምን በረዶ አለ? ፀሐዩ መትቶህ ነው!» ከዚያ ሳቅ። ሙቀቱን ማን ካደ? ኩዌት ውስጥ ሚትሪባ በምትባል ቦታ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ሙቀቱ 53.9 ዲግሪ ደርሷል። ግን በረዶውን ሰማይ እንዲያወርደው የሚጠብቅ የለም። ከሲሚንቶው ወለል ሥር በተዘረጉ ቧንቧዎች ውስጥ ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ ፈሳሽ ይዞራል፤ በላዩ ላይ ውሃ በስሱ በስሱ እየተረጨ ይረጋል፤ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከወፈረ በኋላ ሰው ይሮጥበታል። ዱባይ ውስጥ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ። ኩዌት ደግሞ የዓለም አቀፉ የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽን አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ስለዚህ አጎቶቼ ሆይ፣ ሳቃችሁ አርባ ዓመት ዘግይቷል።

ጨዋታው ራሱ እንግዳ አይደለም። ቆልማማ ዱላ፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ ነገር፣ ሁለት ጎራ፣ ግፊያ፤ ከገና የሚለየው ጥንጓ ጠፍጣፋ የላስቲክ ክብ መሆኗና ተጫዋቹ ስለት ባለው ጫማ ላይ መቆሙ ነው። ያቺ ክብ 170 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ እንዳትነጥርም ከጨዋታ በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ታድራለች። ይህን የማየት አምሮት ያደረበት ሰው ምን ያድርግ? መቼ እንደሚጫወቱ ይወቅ አይደል? እንግዲህ ብሶቱ ከዚህ ይጀምራል።

ውድድር ሲኖር ማስታወቂያው የሚወጣው በአንድ ቀን ዕድሜ በሚጠፋ ምስል ነው። ምስሉ ላይ ንስር አለ፣ እሳት አለ፣ የአምስት ስድስት አገር ባንዲራ አለ። ከታች በኩል በደቃቅ ፊደል «8:00» ይላል። የማን ስምንት ሰዓት? ኩዌት፣ ባህሬን፣ ኳታርና ሳዑዲ ዓረቢያ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ይቆጥራሉ፤ ኤምሬቶችና ኦማን በአንድ ሰዓት ይቀድማሉ። እኛ ደግሞ የራሳችን አቆጣጠር አለን። አንድ ጊዜ ኩዌት ላይ የሚደረግ ጨዋታ በቀጥታ ይተላለፋል ተብሎ ቡናዬን አፍልቼ፣ ስልኬን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ ተቀመጥኩ። ባዶ ሜዳ! በረዶ የሚያለሰልሰው መኪና ብቻ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። አንድ ሰዓት ሙሉ መኪና ተመለከትኩ። ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ የሚቀርጸው ሰው ስልኩን ከመስታወቱ ጀርባ አቁሞት ኖሮ፣ መስታወቱ በጉም ተሸፈነ፤ ከዚያ በኋላ ያየሁት የሰው ጥላ ነው። ግብ መቆጠሩን የማውቀው በጩኸቱ ነበር፤ የማን ግብ እንደሆነ ግን ጩኸት አይናገርም።

ውጤቱን ከጨዋታው በኋላ አገኘዋለሁ የሚል የዋህ ካለ ይታገሥ። በማግሥቱ የሚወጣው ፎቶግራፍ ነው፤ ዋንጫ፣ ነጭ ቀሚስ የለበሱ ባለሥልጣናት፣ መሐል ላይ ላባቸው ያልደረቀ ልጆች። ስንት ለስንት? ማን አገባ? በረኛው ስንት አዳነ? ዝም። ከሥሩ «እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚል መልእክት ተደርድሯል፤ ውጤቱን የጠየቀ እኔ ብቻ ነኝ፤ ለእኔም የተሰጠኝ መልስ የልብ ምስል ነው።

ውድድሩ እዚሁ ሲሆን ይሻላል ትሉ ይሆናል። እዚህም ሌላ ጣጣ አለ። የበረዶው ሜዳ የሚገኘው የገበያ ማዕከል ውስጥ ነው፤ ለባለቤቱ ደግሞ ከሆኪ ቡድን ይልቅ በፕላስቲክ ፔንግዊን ተደግፎ የሚንፏቀቅ ሕፃን ይበልጥ ገንዘብ ያመጣል። አልፈርድበትም፤ ያን ቅዝቃዜ ለማቆየት የሚከፈለው የመብራት ሒሳብ ቀላል አይደለም። ግን ቀኑን ሙሉ ለመንሸራተቻ ተከራይቶ የዋለ በረዶ ለቡድኖቹ የሚለቀቀው ሰው ሊተኛ ሲል ነው። አገር ወክሎ የሚጫወት ልጅ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ልምምድ ጨርሶ ጠዋት ሥራ ይገባል። ተመልካቹም እንደዚያው። የጨዋታውን ሰዓት ልጠይቅ እንግዳ መቀበያው ዘንድ ሄድኩ፤ የምትሠራዋ ልጅ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አድርጋ «የልደት ግብዣ ነው የሚፈልጉት?» አለችኝ።

ትክክለኛውን ሰዓት ማን ነገረኝ መሰላችሁ? ወለል የምትወለውል የወሎ ልጅ። ጃኬት በጃኬት ደርባ፣ ከላይ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ። «ወንድም ዓለም፣ ዛሬ ማታ እስከ ስምንት ሰዓት አትወጡም ተብለናል፤ ይኼ የዱላው ጨዋታ ሲኖር ነው እንዲህ የሚያመሹን» አለችኝ። አልተሳሳተችም። የጽዳት ሠራተኛ የሥራ ድልድል ከአዘጋጆቹ ማስታወቂያ ይልቅ የታመነ የሆነበት ውድድር ይህ ነው። እሷ ግን አንድም ጨዋታ ተቀምጣ አይታ አታውቅም፤ ለምን ብላ ትይ፣ በዚያ ብርድ ላይ ቆማ ማምሸቷ አይበቃትም?

የውጭ ጋዜጠኞችም አሉ። እነሱ ሲመጡ ርዕሱ አስቀድሞ ተጽፎ ያለቀ ነው፤ ግመል፣ አሸዋ፣ በረዶ፣ «የማይታመን»። እ.ኤ.አ. በ2017 ፋጢማ አል አሊ የተባለች የአቡ ዳቢ ተጫዋች ዱላዋን ስታሽከረክር የታየችበት ቪዲዮ ዓለምን ዞሮ፣ ዋሽንግተን ድረስ ተጋብዛ የከተማዋን የበረዶ ሆኪ ቡድን የካፒታልስን ጨዋታ የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት አስጀምራለች። ደስ ብሎኛል፣ ይገባታል። ግን ያን ቪዲዮ ካዩት ሰዎች ስንቱ ነው ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2009 የእስያ ቻሌንጅ ካፕ የተባለውን የበረዶ ሆኪ ዋንጫ ማንሳታቸውን የሚያውቀው? ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ አቡ ዳቢ ላይ ኤምሬቶች፣ ኩዌት፣ አልጄሪያና ሞሮኮ ለዓረብ ዋንጫ ተጋጥመው ነበር፤ አራት የበረሃ አገር! ስለዚህ ውድድር ለጓደኛዬ ስነግረው «ቀልድህን ተው» አለኝ። ምን ይፍረድበት? የሚያሳየው ቪዲዮ የለም።

ኳስ ሲሆን እኮ የሦስተኛ ዲቪዚዮን ቡድን አሰላለፍ ሳይቀር ስልኬ ላይ ይወርዳል፤ ሳልጠይቅ! እዚህ የብሔራዊ ቡድኖችን ግጥሚያ ሰዓት ለማወቅ ሰው መለማመጥ አለብኝ። ጥያቄዬ ደግሞ ሳተላይት አምጥቁልኝ አይደለም። ሰዓቱን ጻፉ፤ የየትኛው ከተማ ሰዓት እንደሆነ ጨምሩበት። ስልኩን የሚይዘው ልጅ መስታወቱን በጨርቅ ይወልውል። ሲያልቅ ሁለት ቁጥር ለጥፉ፣ በመሐላቸው ሰረዝ።

እናንተ ኩዌት፣ ዶሃ፣ ማናማና ሙስካት ያላችሁ የአገሬ ልጆች፣ በተለይ የገበያ ማዕከል ውስጥ የምትሠሩ፦ ማታ አምሹ ከተባላችሁና ዱላ የያዘ ሰው ሲገባ ካያችሁ ጻፉልኝ። በማን ሰዓት እንደሆነ አትርሱ።