ብሎን ቆጣሪዎች

እኔ አሥራ ሰባት ታንክ አለኝ። ሁሉም ሳሎን ውስጥ ናቸው፤ የሠርጋችን የቡና ስኒዎች የነበሩበት መደርደሪያ ላይ። ስኒዎቹ የት ሄዱ የሚለውን ባለቤቴን ጠይቁ። ይህ ጉዳይ እኔ ፊት ባይነሳ ይሻላል።

ታንኮቹ ትንንሽ ናቸው፤ በሳጥን ተበታትነው የሚሸጡ፣ እያጣበቅሁ የምቀባቸው የፕላስቲክ ሞዴሎች። ከእውነተኛው 35 ጊዜ የሚያንሱ አሉ፣ 72 ጊዜ የሚያንሱም አሉ። ቲ-55 የሚባለው ታንክ ከመድፉ ጫፍ እስከ ጀርባው 9 ሜትር ነው። በ35 ሲካፈል 26 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በ72 ሲካፈል ደግሞ ከእስክሪብቶ ያጥራል። ለምን 35 ሆነ? ታሚያ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ ሲሠራ፣ ሆዱ ውስጥ ሞተርና ባትሪ ድንጋይ እንዲገባለት ፈለገ። ስለዚህ ድንጋዩ የሚበቃበትን ያህል አሰፋው። ሲለካ 1 ለ 35 ግድም ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ሽማግሌዎች በግማሽ ሚሊ ሜትር የሚኳረፉበት መለኪያ ከባትሪ ድንጋይ የተወለደ ነው።

የእኛ የሞዴል ሠሪዎች ሰፈር ሰዎች ቅጽል ስማቸው ብሎን ቆጣሪ ነው፤ ሞዴሉ ከእውነተኛው ታንክ በአንዲት ብሎን እንዳይለይ የሚቆጥሩ ማለት ነው። ስድብ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እነሱ ግን ሲጠሩበት ደስ ይላቸዋል። አንዱ ታንክህን ለማየት ቤትህ ሲመጣ ሰላም አይልህም። ቀጥ ብሎ ወደ መደርደሪያው ነው። ጎንበስ ይላል። መነጽሩን ያወልቃል፣ ሌላ መነጽር ያደርጋል። ከዚያ «እምምም» ይላል። ይህቺ «እምምም» አማቴ እንጀራዬን ገልጠው ዓይኑን ሲያዩ የሚያሰሟት ናት። ዓይኑ በዛ፣ ዓይኑ አነሰ፣ ጀርባው ነጣ። በልተው ይጠግባሉ፣ ግን ዓይኑን ቆጥረዋል። እንከን ፍለጋ ከአሜሪካኖች የተማርኩት እንዳይመስላችሁ፤ ቤቴ ውስጥ ዲግሪ ያላቸው አሉ።

በዓመት አንዴ ደግሞ ውድድር አለ። እኛ ሜሪላንድ ያለን ሰዎች አዳራሽ ተከራይተን ጠረጴዛ ላይ ታንኮቻችንን እንደረድራለን። ዳኞቹ በእጅ ባትሪ እያበሩ ይዞራሉ። ሙጫ ፈሷል ወይ? ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር ይታያል ወይ? ጎማዎቹ ሁሉ መሬት ነክተዋል ወይ? አንዲት ጎማ በፀጉር ያህል ከፍ ካለች አለቀልህ። አራት ወር በወረንጦ የለቀምካት ነገር እዚያው ትቀበራለች።

ከሁሉ የሚገርመኝ የዝገቱ ነገር ነው። አዲስ ዕቃ ትገዛለህ። ታጣብቃለህ፣ ትቀባለህ፣ ያምራል። ከዚያ ዝገት ትገዛለህ። አዎ፣ በብልቃጥ ይሸጣል! ጭቃም በብልቃጥ አለ፣ አቧራም እንዲሁ። ባለቤቴ ደረሰኙን አይታ «ሆዴ፣ እኔ ድስት ሳዝግ የምትጮኸው በነፃ ስለማዝገው ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እኛ አገር ታንክ መንገድ ዳር ቆሞ ስንት ዘመን በነፃ ሲዝግ፣ ልጆች ሲንሸራተቱበት አይቼ ነው ያደግሁት።

ጀርመኖቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1944 ታንኮቻቸውን ማግኔት ፈንጂ እንዳይጣበቅባቸው ዚመሪት በሚባል ነገር ይለስኑ ነበር። የሚታየው በማበጠሪያ እንደተቦጫጨረ የጭቃ ምርጊት ነው። የእኛ ብሎን ቆጣሪዎች ይህን ምርጊት በጥርስ ስቴኪኒ ይሠሩታል። አያቴ ቢያዩት ጭድ አንሶታል ይሉ ነበር። የሩሲያው ቲ-34 ደግሞ በጦርነቱ ጥድፊያ ስለተሠራ ብየዳው ሸካራ ነው። እናም አንድ ጓደኛዬ ብየዳውን አሳምሮ ስለሠራ ነጥብ ተቀነሰበት። ለምን ብትሉ፣ በጣም ንጹሕ ነው ተብሎ!

አንድ ጊዜ ብቻ ብሎን መቁጠር ትርጉም ሰጥቶኛል። ጣሊያን ይዞብን የመጣው ትንሹ ታንክ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ሦስት ቶን ግድም የሚመዝን ነበር። የመጀመሪያው ብየዳ ይበዛበታል፣ ተከታዩ ብሎን። ሰብሳቢዎቹ በዚያ ነው የሚለዩዋቸው። በታኅሣሥ 1928 ደምበጊና ላይ የራስ እምሩ ጦር ሲገጥመው ግን ማን ብሎን ቆጠረ? መትረየሱ ጀርባውን እንደማያይ አወቁ፣ ከኋላ መጡበት፣ አለቀ። ይህን ለአንዱ ዳኛ ብነግረው «የትኛው ሞዴል ነበር?» አለኝ።

ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። አሥራ ሰባተኛዋ ታንኬ ቲ-55 ናት። ሳጥኑም እንደዚያ ይላል። ጨርሼ፣ ቀብቼ፣ አዝጌ ስጨርስ አንዱ ብሎን ቆጣሪ መጣ። «እምምም። ይህቺ ጣሪያዋ ላይ ያለችው እንጉዳይ ምንድናት?» የአየር ማውጫ ናት። እንዲህ ያለች ማውጫ ቲ-54 ላይ እንጂ ቲ-55 ላይ የለችም። የሳጥኑ ባለቤት ሁለቱን አደባልቆ ሸጦልኛል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሰው ልጅ በእንጉዳይ እንዲህ ይሆናል?

ደግነቱ በዚያው ሰሞን አጎቴ ከአዲስ አበባ መጡ። ጋሼ የደርግ ጊዜ ታንከኛ ናቸው። ያውም የቲ-55! ጥይት አጉራሽ ነበሩ። አንዱ ጥይት ሠላሳ ኪሎ ግድም ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የእሳቸውን ጉርሻ ቤተሰቡ የሚፈራው በዚህ ምክንያት ነው። እንኳን ደህና መጡ ብዬ ሻንጣቸውን ሳላወርድ ታንኬን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ።

አገላበጡት። ዝም አሉ።

«ጋሼ፣ ይቺ እንጉዳይ ነበረች፣ አልነበረችም?»

«የቷ?»

«ይቺ፣ ጣሪያው ላይ። ከውጪ።»

«እኔ ውስጥ ነበርኩ እኮ ልጄ።»

ከዚያ በጥፍራቸው ክዳኑን ሊከፍቱ ሞከሩ።

«አይከፈትም ጋሼ፣ ተጣብቋል።»

«ታዲያ ልጆቹ በየት ይወጣሉ?»

አራት ወር ስሠራት ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ወደ ታች አጮልቀው አዩ፤ ባዶ ፕላስቲክ ነው። «መቀመጫዬን በልተውታል» አሉ። ሳቁ ወይ ተከዙ፣ መለየት አቃተኝ። ሻይ ቀዳሁላቸው። ትንሽ ቆይተው «ግንዱስ?» አሉ። ታንኩ ጭቃ ሲይዘው ሰንሰለቱ ሥር የሚገባው ግንድ፣ ከጀርባው የሚታሰረው፣ ሳጥኑ ውስጥ አልነበረም። ጋሼ ተነሡ፣ ከሻንጣቸው የመፋቂያ ጥቅል አወጡ፣ አንዱን በቢላ ቆረጡና የታንኬ ጀርባ ላይ በክር አሰሩት። አስተሳሰራቸውን ብታዩ! እጃቸው አልረሳም።

እንጉዳዩን ፍቄ አስወግጄ ውድድሩ ላይ አቀረብናት። ዳኛው ባትሪውን አበራ። ጎማ አየ፣ መስመር አየ። ጀርባው ላይ ሲደርስ ቆመ። ካሊፐሩን አውጥቶ ግንዱን ለካ።

«ልኩ ትክክል ነው» አለ። «ምን እንጨት ነው?»

ለጋሼ ተረጎምኩ።

«ወይራ ነው በለው።»

«የኢትዮጵያ ጦር ወይራ ነበር የሚጠቀመው?»

«ጥርሴን የምፍቅበት ነው በለው።»

እኔ «መረጃው ከዓይን ምስክር የተገኘ ነው» ብዬ ተረጎምኩ። ዳኛው ጻፈ። አሁን ሰፈራችን የግንዱ ዛፍ ወይራ ነው ወይስ ባሕር ዛፍ በሚል ለሁለት ተከፍሏል፤ እኔን እንደ ምንጭ የሚጠቅሱም አሉ።

ሁለተኛ ወጣን። ወደ ቤት ስንመለስ ጋሼ የቀረችውን ግማሽ መፋቂያ እያኘኩ በመስኮት ያያሉ። ዝም ብለው ነበር። መብራት ላይ ስንቆም ዞር አሉ።

«አንደኛ የወጣው ልጅ ግን ሰንሰለቱን አየኸው?»

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«እንደ ክራር ጅማት ወጥሮታል እኮ! የቲ-55 ሰንሰለት ከላይ ጎማው ላይ ተኝቶ ነው የሚሄደው። ስንቴ ተበጥሶብን ቀጥለነዋል። ደግሞ አንደኛ ይሉታል!» መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡ። «መብራቱ በራልህ፣ ተመለስ። ያ ባለ ባትሪው ሰውዬ ሳይሄድ እንድረስበት።»