ማስተካከያ፦ ላይትኒንግ የመጀመሪያዋ አይደለችም

ባለፈው ጽሑፌ ፋይናል ፋንታሲ በሚባለው የጃፓን ቪዲዮ ጌም ተከታታይ ላይ የመጀመሪያዋ ሴት ዋና ገፀ ባህሪ ላይትኒንግ ናት ብዬ ጽፌ ነበር፣ ተሳስቻለሁ ይቅርታ። ላይትኒንግ የመጣችው በ2009 በ13ኛው ነው፣ ከሷ በፊት በ2003 ቴን-ቱ (የ10ኛው ጌም ቀጣይ ክፍል) ላይ ዩና አለች፣ ከሁለቱም በፊት ደሞ በ1994 የወጣው 6ኛው ላይ ቴራ አለች፣ እንዴት እንደረሳኋት እኔንም ገርሞኛል። ያቺ ግማሽ ሰው ግማሽ ኤስፐር (ጌሙ ላይ ያሉ አስማተኛ ፍጡራን) የሆነችው፣ የጌሙ ክፉ ኢምፓየር ጭንቅላቷ ላይ ዘውድ አድርጎ እንደፈለገ ሲነዳት የነበረችው ልጅ። እርግጥ እዛ ጌም ላይ የምንጫወትባቸው 14 ገፀ ባህሪያት ስላሉ ዋናዋ እሷ ብቻ ናት ወይ ብሎ መከራከር ይቻላል፣ ሁለተኛው አጋማሽ እንደውም የሚጀምረው ሴሌስ በምትባል ሌላ ገፀ ባህሪ ነው፣ ግን ሴሌስም ሴት ስለሆነች ክርክሩ እኔን አያድነኝም ሃሃ።

ሌላው ስህተቴ ቴራና ቲና ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ያልኩት ነው፣ አንድ ናት። በጃፓንኛው ስሟ ቲና ነው፣ እንግሊዝኛው ላይ ነው ቴራ የተባለችው። 6ኛው ጌም ራሱ ያኔ አሜሪካ ሲገባ ፋይናል ፋንታሲ 3 ተብሎ ነው የተሸጠው፣ ምክንያቱም 2ኛው፣ 3ኛውና 5ኛው እዛ አልወጡም ነበር፣ ስለዚህ የድሮ ካርትሪጅ ላይ 3 የሚል ብታዩ እውነተኛው 3ኛ እንዳይመስላችሁ።