ፖሊስ አትዋሱ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምቆጣው በፖሊስ አይደለም፤ በእኛው በራሳችን ነው። ብድሩ ያልተመለሰለት፣ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር የተጣላ፣ ተከራይ አልወጣ ያለው ሁሉ ስልኩን አንስቶ "የአክስቴ ልጅ ፖሊስ ነው" ይላል። የአክስት ልጅ የሚሠራው ሌላ ክልል ነው። ግን ይመጣል። ዩኒፎርሙን ግጥም አድርጎ።

በቀደም እኛ ሰፈር፣ አዲስ አበባ፣ የሆነውን ልንገራችሁ። ጎረቤቴ ጎሚስታ ነው። ዕዳ አለበት። አልካደም፣ ዘገየ እንጂ። ቅዳሜ ጠዋት ባለ ብሩ ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ መጣ። ክንዳቸው ላይ ያለው ዓርማ የከተማው አይደለም። "ተነስ፣ እንሂድ" አሉት። ወዴት? መልስ የለም። ጎሚስታው እጁ ላይ ያለውን ማስቲሽ እንኳ ሳይጠርግ ተነሳ። እኛ ከአጥር ጥግ እናያለን። አንዱማ "ቢከፍል ምን አለበት" አለ።

እንጀራ የሚሸጡት እማማ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

"ልጆቼ፣ ከየት ጣቢያ ናችሁ? የፍርድ ቤት ወረቀት አላችሁ?"

አንደኛው መታወቂያ አወጣ።

"ይሄማ ስምህን ነው የሚነግረኝ" አሉት።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ክልሎች ፖሊስ አደራጅተው የክልላቸውን ሰላም እንዲጠብቁ ሥልጣን ሰጥቷል። የክልላቸውን። ሌላ ቦታ ተጠርጣሪ ያለው ፖሊስ የፍርድ ቤት ማዘዣና የትብብር ደብዳቤ ይዞ መጀመሪያ የአካባቢውን ጣቢያ ያንኳኳል፤ አብረው ይወጣሉ። እጅ ከፍንጅ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ከ1954 ጀምሮ የኖርንበት የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ጥፋቱ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚያሳስር ከሆነ፣ እንኳን ፖሊስ ማንም ሰው መያዝ ይችላል ይላል። ብድር ግን ፍትሐ ብሔር ነው። የሰፈራችሁ ፖሊስ እንኳ ብር አያስከፍልላችሁም፤ ያውም ከሌላ ክልል የመጣው!

ደግሞ ሰውን ከሰፈሩ ማራቅ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ሲል፣ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚፈጀውን አግባብ ያለው ጊዜ አይቆጥርም። መንገዱ ሲረዝም ያቺ ቀዳዳ ትሰፋለች። ሚስት ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ በየጣቢያው ትዞራለች። "እኛ ጋ የለም" ይሏታል። እውነታቸውን ነው፣ የለም።

የባሰው ደግሞ አድሏችን። የሌላ ክልል ፖሊስ እኛ ደጃፍ ሲመጣ "ወረሩን" ብለን ፌስቡክ ላይ እንጮኻለን። የእኛው ሄዶ የሌላውን ሰው ሲያፍስ "አበጀህ" እንላለን። እፈሩ እንጂ! ነገ ያው የአክስት ልጅ የሚጠራው በእናንተ ላይ ነው።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። እማማ ልጃቸውን ወደ አካባቢው ጣቢያ ላኩት። ፖሊሶቹ ይህን ሲሰሙ "ደውለን እንመለሳለን" ብለው ሄዱ፤ አልተመለሱም። ባለ ብሩ ብቻውን ቀረ። ጎሚስታው በርጩማ ሰጠው። በሦስት ጊዜ ሊከፍል ተስማሙ። እኛም ያኔ ነው ከአጥሩ ጥግ ወጥተን "እኛ ምስክር እንሆናለን" ያልነው።