ልጇን ለጦርነት የገበረች እናት፣ የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው?

ሁለቱም ወሎዬ ናቸው። እሷ ከደሴ፣ እሱ ከወልድያ። የቀረበላቸው ጥያቄ፦ ልጁን በጦርነት ያጣ ወላጅ «ጦርነት ይብቃ» ሲል ከሌላው ሰው በላይ ሊሰማ ይገባል ወይ?

ከደሴ፦ ይገባል እንጂ! ፌስቡክ ላይ «ግፋ በለው» የሚለው አብዛኛው ልጁን የላከ ሰው አይደለም። መርዶው ግን ቤት መርጦ ነው የሚገባው። ከ2013 ወዲህ እዚህ አካባቢ ሬሳ ሳያይ ያለቀሰው ቤት ብዙ ነው። የቅሬው (የዕድሩ) ድንኳን ይተከላል፣ አስከሬን የለም። እናት ፎቶ ታቅፋ ትቀመጣለች። የአንዷ፣ ከተማሪ መታወቂያ ላይ የተወሰደ ነበር። ሲያሳድጉት ደብዝዞ ዓይኑ እንኳ አይለይም። ይቺን ሴት «ፖለቲካ አይገባሽም» የሚላት ምን ከፍሎ ነው?

ባህላችንም ያውቀዋል። ደም ለማድረቅ ሽማግሌ ሲነሳ ደጅ የሚጠናው የሟች ቤተሰብ ነው። ባለ ደሙ እሺ ካላለ እርቅ የለም።

ከወልድያ፦ እህቴ፣ ያነሳሽው ባህል ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ባለ ደሙ ይለመናል እንጂ ሽማግሌ ሆኖ አይቀመጥም። ያረረ አንጀት አይፈርድማ!

ደግሞ ሐዘን ሁሉን ሰው አንድ ቦታ አያደርስም። አንዷ «የሌላ ሰው ልጅ አይሙት» ትላለች። ጎረቤቷ «የልጄ ደም ደመ ከልብ ሆኖ አይቅር» ትላለች። የትኛዋን ልስማ? አሜሪካዊቷ ሲንዲ ሺሃን ልጇ ኬሲ እንደ ፈረንጆቹ በ2004 ኢራቅ ውስጥ ተገደለባት። በዓመቱ ቴክሳስ፣ ክራውፎርድ ሄዳ ከፕሬዚዳንት ቡሽ እርሻ አቅራቢያ ሰፈረች። «ልጄ የሞተው ለየትኛው ክቡር ዓላማ ነው?» አለች። ዓለም ሰማት። ልጆቻቸውን የቀበሩ ሌሎች ወላጆች ግን «ስለ እኛ አትናገሪ» ብለው እዚያው ድረስ ሄዱ። የልጁ አያቶችና አክስት ሳይቀሩ አቋሟን እንደማይጋሩ ተናገሩ። ታዲያ ሥልጣኑ የማን ነው?

ከደሴ፦ ሁለቱንም ይስሟቸው፣ ጋሼ። ብቻ አንድ ነገር አይርሱ። በቀል የምትለዋ የሌላ ሰው ልጅ ነው የምትጠይቅዎ። «ይብቃ» የምትለዋ የማንንም አትጠይቅም።

ሐዘን የሌለበት ልመናማ ተሞክሯል። በ2011 የሰላም አምባሳደር የተባሉ እናቶች ከክልል ክልል ዞረው፣ አልቅሰው ለመኑ። መሪዎቹ አክብረው ተቀበሏቸው፣ ካሜራ ቀረጻቸው። ጥቅምት 2013 ላይ ጦርነቱ መጣ።

ከወልድያ፦ ልመናው ያልያዘው ሐዘን ጎድሎት ነው? የእስራኤሎቹን «አራቱ እናቶች» ተመልከቺ። እንደ ፈረንጆቹ በ1997 ሲነሱ ልጆቻቸው በሕይወት ነበሩ፤ ወታደሮች ናቸው። ሴቶቹ «ጦሩ ደቡብ ሊባኖስ መቆየቱ ማንን ይጠብቃል?» ብለው ተከራከሩ። በ2000 ጦሩ ወጣ። እነሱ ብቻቸውን አስወጡት አልልም፤ ግን የተደመጡት በክርክራቸው ነው።

«የማንንም አትጠይቅም» ላልሽው ደግሞ፦ ነሐሴ 2013 ወልድያ በሕወሓት ኃይል እጅ ስትገባ ቤቴ ውስጥ ነበርኩ። ያኔ «ሁሉም ባለበት ቆሞ ተኩስ ይብቃ» ብትይ፣ እኔን ለማን ነበር የምትተዪኝ?

ከደሴ፦ ጥያቄው ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። ግን እሷን ጠይቀዋት ያውቃሉ? የማየውን ልንገርዎ። ካድሬው ለቅሶ ቤት ማይክ ይዞ «ልጅሽ ለአገር ነው የተሰዋው፣ ኩሪ» ይላታል። «ኮርቻለሁ» ካለች ቴሌቪዥን ላይ ትወጣለች። «ለምን?» ካለች «ሐዘን ነው እንዲህ የሚያናግራት» ትባላለች። እንባዋ ጦርነቱን ሲደግፍ ምስክር ከሆነ፣ ሲቃወም ለምን አይሆንም?

ከወልድያ፦ ለሁለቱም አይሁን ነው የምለው። ካድሬውም ፎቶዋን ይተውላት፣ ሰልፈኛውም። እሷን ግን ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ፣ የወልድያውንም እጠይቃታለሁ። መልሷ ካልተዋጠልኝ «አልስማማም» እላታለሁ። ያኔ ጨካኝ እንዳትዪኝ።