ከፊት ያለው ሰው ቅድሚያ አለው፣ አራት ነጥብ!

ዛሬ የሆዴን ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ኮሎራዶ ውስጥ ቅዳሜና እሑድን በስኪ ወይም በስኖውቦርድ በረዷማ ተራራ ላይ ሲንሸራተት የሚውል ሰው ብሶቴን ገና ሳልጨርሰው ይገባዋል። ከላይ ቁልቁል እየተወረወረ መጥቶ ከፊቱ ያለውን ሰው «ዞር በል!» ብሎ የሚጮህ ሰው አንገሽግሾኛል። ዞር የምለው ወዴት ነው? ጀርባዬ ላይ ዓይን የለኝም። አንተ ግን ታየኛለህ። ከላይ ያለኸው አንተ፣ ከታች ያለሁት እኔ። ፍጥነትህን መቀነስ ያለብህ አንተ ነህ።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ስኖውቦርድ ሁለቱም እግሮች አንድ ሳንቃ ላይ ታስረው በረዶ ላይ የሚወረድበት ነው፤ ስኪ ደግሞ ለየእግሩ የራሱ ቀጭን ሳንቃ አለው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ስኖውቦርድ ለስላሳ ቡት ያለው፣ በጎን ተቁሞ የሚነዳው ነው። እኔ የምነዳው አልፓይን የሚባለውን ነው። ቡቱ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። እንደ ስኪ ቡት በዘለበት ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋል። ባይንዲንጉ፣ ማለትም ቦርዱ ላይ ያለው ማሰሪያ፣ ደግሞ ቡቱን ከፊትና ከኋላ በብረት ነክሶ ይይዘዋል። ቦርዱ ረጅምና ጠባብ ነው። የተለመደው ቦርድ ወገቡ ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የእኛው 20 አካባቢ ነው። እግር በአግድም ቢቆም የቡቱ ጫፍና ተረከዙ ከቦርዱ ወጥተው በረዶውን ይጭራሉ። ስለዚህ ሁለቱም እግሮች 55፣ 60 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት ዞረው ይታሰራሉ። የክረምት ኦሊምፒክ የምታዩ ካላችሁ፣ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን በባንዲራዎች መሀል እየተጠማዘዙ የሚወርዱበት ውድድር አለ። እሱ ነው። ቼካዊቷ ኤስተር ሌዴትስካ በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ በዚህ ቦርድ ወርቅ ወስዳለች። በዚያው ኦሊምፒክ በስኪም ሱፐር ጂ በሚባለው የፍጥነት ውድድር ወርቅ አግኝታለች። ቀልድ ስፖርት አይደለም።

ደስታው ያለው መታጠፊያው ላይ ነው። ቦርዱ በጠርዙ ይቆማል፣ ጠርዙ በረዶውን ይቆርጣል። ወደ ጎን መንሸራተት የለም። ሰውነት ወደ በረዶው ተጋድሞ ክርን መሬቱን ሊነካ ምንም አይቀረውም። ዞር ብላችሁ ብታዩ የቀረው ምልክት አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ግን ይህ መታጠፊያ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። የጥምዙ ስፋት ከቦርዱ ጎን ቅርጽ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዝም ብሎ ላጥብበው አይባልም። ሰው ሁሉ የሚወርድበትን የተራራውን መስመር ግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንይዛለን። መጨረሻው ላይ ቁልቁለቱን አቋርጠን ወደ ጎን እንሄዳለን። በተረከዝ በኩል ባለው ጠርዝ ስታጠፍ ደግሞ ጀርባዬ ወደ ላይ ነው። ከላይ የሚመጣውን በዚያች ቅጽበት ላየው አልችልም።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት የሆነው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። ቅዳሜ ረፋድ፣ ሁለት መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ፣ «ቀስ በሉ» የሚል ትልቅ ቢጫ ጨርቅ የተወጠረበት። ከመታጠፌ በፊት ወደ ላይ ዞር ብዬ አይቻለሁ። ሰውየው ሩቅ ነበር። በስኪ ነው፣ ምንም ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። መጀመሪያ የሰማሁት የስኪውን ጠርዝ ነው፤ በደረቅ በረዶ ላይ ክርርር የሚል ድምፅ። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ወደቀብኝ። ስነሳ ቦርዴን አየሁት። የብረት ጠርዙ ስንዝር ያህል ከእንጨቱ ተገንጥሎ ወደ ውጭ ታጥፏል። ሰውየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ፊቴ ገባህብኝ።» ይህን ብሎ በትሩን አንስቶ ሄደ። ስሙን አልተወም። ደህና ነህ ወይ እንኳ አላለም። የስኪ ፓትሮል ልጆች፣ ማለትም የተራራው የደኅንነትና የመጀመሪያ እርዳታ ሰዎች፣ ደርሰው ክንዴን አሰሩልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። የመንሸራተቻ ቦታው ቢሮ ሄጄ ሳመለክት ግን «ስሙን ካላወቅህ ምንም ማድረግ አንችልም» ተብዬ ተመለስኩ።

ሕግ የሌለበት ቦታ አይደለንም እኮ! ሕግ አለ። የኮሎራዶ የስኪ ደኅንነት ሕግ ከ1979 ጀምሮ አለ። ከታች ካለ ሰው ጋር ላለመጋጨት ዋናው ግዴታ ቁልቁል በሚመጣው ሰው ላይ ነው ይላል። ሰው በተጎዳበት ግጭት ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ስሙንና አድራሻውን ለፓትሮል ወይም ለቦታው ሠራተኛ ሳይሰጥ ከአካባቢው መሄድ አይችልም፤ እርዳታ ሊጠራ ካልሆነ በቀር። አውሮፓ ያላችሁም የዓለም አቀፉን የስኪ ፌዴሬሽን አሥር ደንቦች ታውቃላችሁ። ሦስተኛው እንዲሁ ነው የሚለው፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው መንገዱን ሲመርጥ ከፊቱ ያለውን እንዳይጎዳ። መኪና ላይ ከኋላ መጥቶ የገጨ ሰው «ፊቴ ነበርክ» ብሎ አይከራከርም። በረዶ ላይ ሲሆን ይህ የሚጠፋቸው ለምንድን ነው?

እኛም ግዴታ አለብን፣ አልክድም። ከቆመበት የሚነሳ ወይም ጥምዙ ወደ ላይ የሚመልሰው ሰው አካባቢውን ማየት አለበት። አያለሁ። ሰው የበዛበት መስመር ላይ ጥምዜን አልዘረጋም። ጠባብ ቦታ ላይ የመስመሩን ዳር ዳር ይዤ እወርዳለሁ። ግን ማየት የሚጠቅመው ከላይ ያለው ሰው መቆም የሚችል ሲሆን ነው። በዚያ ፍጥነት ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሰው በሁለት ሴኮንድ ከ«ሩቅ» ወደ «ትከሻዬ ላይ» ይደርሳል።

«ታዲያ ማልደህ አትሄድም?» የሚሉኝ አሉ። እሄዳለሁ እኮ! ጎህ ሳይቀድ ዴንቨር አጠገብ ካለችው ኦሮራ ተነስቼ፣ አይ-70 አውራ ጎዳና ሳይዘጋጋ፣ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን የአይዘንሀወር ዋሻ አልፌ፣ ወደ ተራራው የሚያወጣን ሊፍት ሳይከፈት በር ላይ እቆማለሁ። ማሽኑ ሌሊት ያበጠረው በረዶ፣ ያ ጥቃቅን ሸንተረር ያለው፣ ማንም ያልረገጠው፣ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ጠርዝ ሲገባበት ያለው ስሜት ሌላ ነው። ረፋዱ ላይ ግን ተፍቆ አልቋል። ከሥሩ ያለው ግግር ብቅ ይላል። መኪና ማቆሚያው ሞልቶ መስመሩ በሰው ይጥለቀለቃል። እኔም እንደ ማንኛውም ሰው ከፍዬ ነው የገባሁት። ቀኑ ሙሉውን የእኔም ነው።

ቦርዱስ? ይህ እኮ ነው የሚያንገበግበኝ። ለስላሳ ቡት የሚነዳ ሰው ዕቃው ቢሰበርበት ከሥራ መልስ ሱቅ ገብቶ ሌላ ይገዛል። እኛ ይህ ዕድል የለንም። በርተን እንኳ ድሮ አልፓይን ይሠራ ነበር፣ ትቶታል። አንድ ሱቅ ገብቼ ቡቴን ባሳየው ሻጩ ልጅ «ይሄ የስኪ ቡት ነው፣ ቦርድ ላይ አይሆንም» አለኝ። ቡቱን የሚሠሩት ዲላክስ፣ ዩፒዚ፣ ማውንቴን ስሎፕና ጥቂት ሌሎች ናቸው። ቦርዱን በትእዛዝ የሚሠሩልን ትንንሽ ወርክሾፖች ናቸው። ስዊዘርላንድ ኬስለር አለ፣ ካናዳ ኮይለር አለ። እኛ ዘንድ ደግሞ ከኦሮራ በስተምሥራቅ ዋትኪንስ ላይ ዶኔክ አለ፤ ይህ ለእኛ ትልቅ በረከት ነው። ክብደትህ፣ ቁመትህ፣ የምትወደው በረዶ ተጠይቆ ላንተ ነው የሚሠራው። ተረኛ ሆነህ ትጠብቃለህ። ክረምቱ ግን ማንንም አይጠብቅም። ያ ሰው በሁለት ሴኮንድ የሰበረው ወራት የተጠበቀ፣ ለእኔ ተለክቶ የተሠራ ዕቃ ነው። ትከሻዬም እስከ መጋቢት ድረስ እጄን ወደ ላይ አላነሳልኝም።

አሁን ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት በኩል ተራራ መውጣት ጀምረዋል። ደስ ይላል። በጣም ደስ ይላል። ግን ሄልሜት ገዝታችሁ ብቻ አትላኩ። ከመታጠፋቸው በፊት ወደ ላይ እንዲያዩ፣ ሲያርፉ የመስመሩ መሀል ላይ ሳይሆን ዳር ላይ፣ ከላይ የሚመጣው በሚያያቸው ቦታ እንዲቆሙ ንገሯቸው። ከፊታቸው ያለው ሰው ምንም ያህል ቢያዘግም ቅድሚያው የእሱ መሆኑን ደጋግማችሁ ንገሯቸው። ማንም ቢገጫቸው፣ ሕመሙ ቀላል ቢመስላቸውም፣ ፓትሮል እስኪመጣ ከቦታው እንዳይነሱ። የሰውየውን ፓስ፣ ማለትም የመግቢያ ካርዱን፣ ፎቶ ያንሱ።

ለቦታዎቹ አስተዳዳሪዎችም አንድ ነገር ልበል። ቢጫ ጨርቅ ወጥሮ መሄድ ሥራ አይደለም። ቅዳሜ ረፋድ መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ሁለት ሰው አቁሙ። ቀጥ ብሎ የሚወርደውን አስቁመው ፓሱን ይቀሙት፤ ለቀኑ ሳይሆን ለወሩ። ከዚያ በኋላ «ዞር በል!» የሚል ሰው ይኖር እንደሆነ እናያለን።