መጀመሪያ ሳጥኑን ግዙ፣ እባካችሁ!

እስኪ ልናገርና ይውጣልኝ። ሌፓርድ ጌኮ ለሚባለው እንሽላሊት ማራቢያ መደርደሪያ (የፕላስቲክ ሳጥኖች እንደ መሳቢያ የሚገቡበት) በራሱ እጅ ሊሠራ የሚነሳ ሰው ሁሉ ለምንድነው ከእንጨቱ የሚጀምረው? ቦርዱ ተቆርጦ፣ ብሎኑ ገብቶ፣ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ "ለ28 ኳርት ሳጥን ስንት ክፍተት ልተው?" ይባላል። አሁንማ ምን ትተዋለህ ወንድሜ፣ ቆርጠኸዋል እኮ!

ኳርት (አንድ ሊትር ገደማ) ደግሞ የሳጥኑን ቅርጽ አይነግርህም፣ ስንት እንደሚይዝ እንጂ። ሁለት "28 ኳርት" ሳጥን፣ አንዱ ረጅምና ዝርግ፣ ሌላው አጭርና ጥልቅ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካዎቹም ቅርጹን እንዳሻቸው ይቀይሩታል፤ የዛሬ ሦስት ዓመት የተለጠፈ ንድፍ ዛሬ ሱቅ ካለው ሳጥን ጋር ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ሳጥኖቹን በሙሉ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ክምር፣ ከሁለት መጠባበቂያ ጋር ግዙ። ከዚያ ሜትር አውጡና ሰፊው ቦታ ላይ፣ ማለትም ጠርዙ ላይ ለኩ። ሳጥኑ ወደ ታች ስለሚጠብ ወለሉን የለካ ሰው ተሸውዷል።

ጠርዙ ላይ ርዝመቱ 58.4፣ ወርዱ 41.3፣ ቁመቱ 15.2 ሴ.ሜ የሆነ ሳጥን ያዝን እንበል። ማስገቢያው ወርዱ 42፣ ቁመቱ 15.5 ይሁን። ከላይ የምትቀረው 3 ሚ.ሜ ብቻ ናት፤ ክዳን የለማ፣ ክዳኑ የላይኛው ቦርድ ነው። ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን፣ አምስት ደርብ፣ ቦርዱ 16 ሚ.ሜ ሜላሚን ከሆነ አምስቱ ማስገቢያ 77.5፣ ስድስቱ ቦርድ 9.6፣ ጠቅላላ ቁመቱ 87.1 ሴ.ሜ ይመጣል። አግዳሚው 42፣ 1.6፣ 42 ተደምሮ 85.6፤ ጥልቀቱ 60። ስድስት አግዳሚና ሁለት ጎን ስምንት ቁራጭ ናቸው። ከአንድ 122 በ244 ቦርድ አራት ቁራጭ ስለሚወጣ ሁለት ቦርድ ለአሥር ሳጥን ይበቃል፤ የመሃል መከፋፈያዎቹ ከተረፈው ይወጣሉ። መከፋፈያውን "ቦታ ይበላል" ብሎ የሚተወው ሰው አግዳሚው መሃሉ ላይ ጎብጦ ሳጥን አልወጣ ሲለው ያገኘዋል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፦ "ሦስት አራተኛ ኢንች" ተብሎ የሚሸጠው ፕላይውድ 19 ሚ.ሜ አይደለም፣ 18.3 ገደማ ነው። ወረቀት ላይ በ19 አስልታችሁ ጎኑ ላይ ምልክት ካደረጋችሁ እያንዳንዱ ማስገቢያ ወደ 0.7 ሚ.ሜ ይሰፋል። ለአዋቂ ጌኮ ምንም አይደለም፤ ለጫጩት (ለተፈለፈለ ትንሽ ጌኮ) ግን ከሳጥኑ በላይ 2 ሚ.ሜ ክፍተት ያላችሁት 3 ሊሆን ተቃረበ። ቦርዱንም ለኩት!

ክዳን የሌለው መደርደሪያ የሚሠራው ሌፓርድ ጌኮ ጣቱ ላይ የሚጣበቅ መዳፍ ስለሌለው፣ ለስላሳ ፕላስቲክ መውጣት ስለማይችል ነው። ክሬስትድ ጌኮ ግን መስታወት ላይ ይራመዳል። ይህንኑ ንድፍ ለክሬስትድ የሚጠቀም ሰው በማግስቱ ጌኮውን ጣሪያ ላይ ይፈልግ።

አሁን ወደ ሙቀቱ፣ ደሜን ወደሚያፈላው። ለሰባ ዶላር ሳጥን ሰው አይሳሳም፣ ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) ላይ ሲደርስ ግን እጁ ይታሰራል። የማሞቂያ ቴፕ (ከሳጥኖቹ ስር የሚዘረጋ ስስ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ) ያለ ቴርሞስታት ሶኬት ላይ አይሰካም። አለቀ። ቴፑ በሜትር 30 ዋት ይወስዳል ብንል፣ አምስት ደርብ በ0.86 ሜትር 4.3 ሜትር፣ ወደ 130 ዋት ነው፤ 200 ዋት የሚችል ቴርሞስታት በቂ ነው። የራሳችሁ ቴፕ ስንት ዋት እንደሆነ ላዩ ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። የቴርሞስታቱ ሴንሰር (ሙቀቱን የሚለካው ጫፍ) የሚቀመጠው ሳጥኑ ውስጥ አይደለም። ጌኮዋ ትገፋዋለች፣ ትሸናበታለች፤ እሱ በቀዘቀዘ ቁጥር ቴፑ ይግላል። ቦታው ቴፑ ላይ፣ ከሳጥኑ በታች፣ በአሉሚኒየም ፕላስተር ተጣብቆ ነው። የታሰበው ደግሞ የሳጥኑ ወለል ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ስለሆነ፣ ቴርሞስታቱ ላይ የምትጽፉት ቁጥር ከዚያ ከፍ ይላል። ብዙ ሳጥን ከታች ሰርጎድ ያለ ነው፤ በቴፑና በወለሉ መካከል አየር ይቀራል፣ ወለሉ አይሞቅም፣ ሰውየው ቁጥሩን እየጨመረ ይሄዳል። ሲገዙ ገልብጦ ማየት ምን ይከብዳል?

ቴፑ የወለሉን ሲሶ ብቻ ይሸፍን፣ ከኋላ በኩል። ግማሹን ካለፈ ጌኮዋ የምትበርድበት ጥግ አታገኝም። አግዳሚው ላይ ስስ ቦይ ቆፍራችሁ ካላስገባችሁት ሳጥኑ ሲወጣ ሲገባ ይፍቀዋል፤ መከፋፈያው በሚያልፍበትም ከስሩ ትንሽ ይነደል እንጂ ቴፑን አይጫነው። ቴፕ በቴፕ ላይ መደረብ ደግሞ እሳት መጥራት ነው። ገንዘብ ከተረፈ ሁለተኛ ቴርሞስታት 3 ዲግሪ ከፍ አድርጎ በተከታታይ ማገናኘት፤ የመጀመሪያው ቴፑን ሳያጠፋ ቢቀር ሁለተኛው ያጠፋዋል።

የአየር ቀዳዳውን በትራፓኖ አትብሱ፣ ጥርት ያለው ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። በስታኞ ማቅለጫ ካውያ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ጭሱ ስላለ ደጅ ሆናችሁ። ለአዋቂ 6፣ ለጫጩት 3 ሚ.ሜ።

የጫጩት መደርደሪያ ለብቻው፣ በራሱ ቴርሞስታት ይሁን፤ የሳጥኑ ውፍረት ስለሚለያይ የአዋቂዎቹ ቁጥር አይሠራለትም። 6 ኳርት የጫማ ሳጥን፣ 35 በ21 በ12 ገደማ፣ ይበቃል። አንድ ሳጥን ለአንድ ጫጩት፣ ጭራ ይነካከሳሉ። አሸዋ አይደለም፣ የወጥ ቤት ሶፍት ይነጠፍ።

ቁጥሩንስ ማን ያስላው? አንዲት ሴት በአብዛኛው ሁለት ሁለት እንቁላል፣ በየሁለት እስከ አራት ሳምንት ትጥላለች፤ በአንድ ወቅት ከአራት እስከ ስምንት ዙር ብትጥል ሦስት ሴቶች ከ24 እስከ 48 እንቁላል ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች ሳይሸጡ የመጨረሻዎቹ ይፈለፈላሉ። ከዚያ አሥራ ሁለት ሳጥን ሠርቶ "ቦታ ጠበበኝ፣ ሁለት ሁለት ባደርጋቸውስ?" ይላል! እንቁላሉንም መደርደሪያው ውስጥ የሚያስቀምጥ አለ። እንቁላል የራሱ ማስፈልፈያ ይፈልጋል፤ 26 ዲግሪ ላይ አብዛኛው ሴት፣ 32.5 ገደማ አብዛኛው ወንድ ስለሚሆን ሙቀቱ ከተወዛወዘ ምን እንደሚወጣ አታውቁም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ሦስት ቀን ባዶውን አብሩት። በኢንፍራሬድ መለኪያ እያንዳንዱን ሳጥን ጠዋትና ማታ ለኩ፣ ሶፍቱ ላይ። ከደርብ ደርብ ልዩነት ካለ ሴንሰሩን በጣም ወደሚሞቀው ደርብ አዛውሩት፣ ብዙ ጊዜ የላይኛው ነው፤ ከዚያ እንደገና ሦስት ቀን።