እድር የሌለው ቀባሪ

ሦስት ወር ስጠብቀው የነበረው ፖስታ ማክሰኞ ዕለት መጣ። ፈርማ የተቀበለችው ባለቤቴ ናት። ሳጥኑን ጆሮዋ ሥር ነቅነቅ አድርጋ «ምንድነው?» አለችኝ። ካርድ ነው አልኳት። ምንም አልመለሰችም። ወደ ኩሽና ገባች፤ ወዲያው የድስት ክዳን ሲወድቅ ተሰማኝ።

እኔ የሬስሊንግ ካርድ እሰበስባለሁ። ይኸው፣ ተናገርኩት። አርባን ዘልያለሁ፣ የቤት ዕዳ አለብኝ፣ የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ነኝ፤ ግን የሬስሊንግ ካርድ እሰበስባለሁ። ካርድ ስል ኮንከር የምንጫወትበት እንዳይመስላችሁ። ከመታወቂያ ትንሽ ከፍ የምትል ወፍራም ወረቀት ናት። ፊቷ ላይ በፓንት ብቻ የቆመ ጡንቸኛ ሰውዬ አለ። ጀርባዋ ላይ ስሙ፣ ቁመቱ፣ ክብደቱና የመጣበት አገር ተጽፏል።

ስሙ የራሱ አይደለም። ዝነኛውን ሬስለር ሐልክ ሆጋንን እናቱ ያወጣችለት ስም ቴሪ ነው። ቁመቱና ክብደቱ ተመርቆባቸዋል። አገሩን ደግሞ ተዉት። አንደርቴከር የቴክሳስ፣ የሂዩስተን ልጅ ነው፤ ለዓመታት ግን «ከሞት ሸለቆ የመጣ» እየተባለ ነው የተዋወቀው። እንግዲህ እዚያች ወረቀት ላይ እውነት የሆነ ነገር ቢኖር ወረቀቷ ራሷ ናት። እኔም ወረቀቷ እውነተኛ መሆኗን እንዲያረጋግጥልኝ ነበር ካርድ ለሚመረምር ኩባንያ ገንዘብ ከፍዬ የላክኋት።

በሽታው የጀመረኝ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን እናይ ነበር። ሆጋን ቲሸርቱን ለሁለት ሲተረትረው ቪዲዮ ቤቱ ይደባለቃል። እኔም አንድ ቀን ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆሜ ተረተርኩት። ሆጋን ሁልጊዜ ሌላ ቲሸርት ነበረው። እኔ አልነበረኝም። የዚያን ዕለት እናቴ የሠራችኝን ሥራ ማንም ደራሲ አልጻፈውም።

አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሰፊ አዳራሽ ገባሁ። ሽበታም ሰዎች በአጉሊ መነጽርና በባትሪ ወረቀት ይመረምራሉ። አልማዝ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ የሚመረመረው አንድሬ ዘ ጃይንት የሚባለው ግዙፍ ሬስለር ካርድ ነው።

እዚያ ነው ወጉን የተማርኩት። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው።) በ1982 «ሬስሊንግ ኦል ስታርስ» የሚባል 36 ካርድ ያለው ስብስብ ወጣ። በፖስታ ታዞ የሚመጣ ነበር። ቁጥር 1 አንድሬ ነው፣ ቁጥር 2 ሆጋን። ሰብሳቢው ግን የሚጋደለው ለቁጥር 2 ነው። የሆጋን የመጀመሪያ ካርድ፣ እነሱ «ሩኪ» የሚሉት፣ እሱ ነዋ። ምስኪን አንድሬ እዚህም ተሸነፈ። በ1987 ሚሺጋን ውስጥ ሆጋን ያን ተራራ የሚያህል ሰው ብድግ አድርጎ መሬት ላይ ሲያፈርጠው 93,173 ተመልካች ነበር ተብሎ ታወጀ። በቁጥሩ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። ሬስሊንግ ውስጥ ለካ ሒሳብም ድርሰት አለው።

በ1985 ደግሞ ቶፕስ የሚባለው ኩባንያ 66 ካርድ አወጣ፤ በየፓኬቱ ማስቲካ ነበረበት። እኛ ሰፈር ቢሆን ማስቲካውን አኝከን ወረቀቱን እንጥል ነበር። እዚህ ማስቲካው ይጣላል፣ ወረቀቱ ይቀመጣል። ማስቲካው ካርዱ ላይ እድፍ ትቶ ከሆነ ሰብሳቢውን ዕንባ ይቀድመዋል።

ካርድ ለሚመረምር ኩባንያ ትልካለህ፤ ከ1 እስከ 10 ውጤት ይሰጥልሃል። ጥጉን ያያሉ፣ ጠርዙን ያያሉ፣ ገጹን ያያሉ፣ ሥዕሉ መሃል ላይ መዋሉን ያያሉ። እህቴን ለመዳር የመጡት ሽማግሌዎች እንኳ እንደዚህ አልተጠየቁም። ከዚያ በማይከፈት ጠንካራ ፕላስቲክ ይታሸግና ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ካርዱን በእጁ የሚነካው የለም።

እኔ ለመላክ የመረጥኩት የ1991 የአንደርቴከር ካርዴን ነው። በሦስት ዶላር የገዛሁት። ሰውዬው ብቅ ያለው በ1990 መጨረሻ ስለሆነ ሀብት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። የዚያን ዘመን ካርድ እንደ ጋዜጣ በገፍ እንደታተመ፣ በየፈረንጁ ምድር ቤት በካርቶን ሞልቶ እንደተቀመጠ ማን ነገረኝ? የምርመራው ክፍያ ከካርዱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህን ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ይህን ጽሑፍም አታነብም ብዬ ነው።

ካርዱ ሊላክ ሁለት ቀን ሲቀረው እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ሲልቨር ስፕሪንግ መጣች። ሻንጣዋ ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ከዚያ ደግሞ በሁለት ሃይላንድ ጠበል አለ። ጠዋት ተነስታ ቤቱን ስትዞር ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰች። ካርዱን ከላስቲኩ አውጥቼ ጥጉን እያየሁ ነበር።

«ይኼ ማነው?»

«ሬስለር ነው እማዬ። አንደርቴከር ይባላል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ቀባሪ።»

መነጽሯን አደረገች። ጥቁር ኮፍያ፣ ጥቁር ካፖርት፣ ግራጫ ጓንት። የሚቀብር ይመስላል።

«እድሩ የት ነው?»

«እድር የለውም። ብቻውን ነው የሚቀብረው።»

«ብቻውን! ድንኳኑንስ ማን ይተክልለታል?»

አንድ ረዳት አለው አልኳት። ፖል ቤረር የሚባል ወፍራም፣ ፊቱ ዱቄት የመሰለ ሰውዬ የአመድ ዕቃ ታቅፎ ይከተለዋል። የሚገርመው፣ ቀብር አስፈጻሚነት የተማረው ረዳቱ ነው። በእውነተኛው ሕይወቱ ሬሳ የማዘጋጀት ፈቃድ ነበረው። ቀባሪው ግን ቀብር አልተማረም። እናቴ ይኼ አልገረማትም። በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ነው አለች።

«ቤተሰብስ?»

«ወንድም አለው፣ ኬን ይባላል። በእሳት ሞተ ተብሎ፣ ኋላ ጭምብል አድርጎ መጣ።»

«ወይ ጉድ! አሁንስ?»

«አሁን ቴነሲ ውስጥ የኖክስ ካውንቲ ከንቲባ ነው።»

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ወንድምነቱ የድርሰት ነው፤ ከንቲባነቱ ግን እውነት፣ በ2018 ተመርጦ ነው። እናቴ ትንሽ ዝም አለችና «ከነጭምብሉ?» ብላ ጠየቀች።

እኔ ሻወር ልገባ ሄድኩ። ስመለስ ሃይላንዱ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ካርዱ ረጥቧል። ግድግዳው ረጥቧል። ኮምፒውተሬም ድርሻው ደርሶታል። «በስመ አብ ብዬ ረጨት አደረግኩበት» አለችኝ። «ዓይኑን አልወደድኩትም።»

ምን ትላላችሁ? እናት ናት፣ ጠበል ነው። «አሜን» ብዬ ካርዱን በመሐረብ አደራረቅሁ። ሁለት መዝገበ ቃላት ጫንኩበት። ከሁለት ቀን በኋላ ላክሁት።

ማክሰኞ የመጣው ሳጥን ውስጥ ያለው እሱ ነው። ከ10 አራት። ምክንያት አይጽፉም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ምክንያቱን እኔና እናቴ እናውቀዋለን።

ማታ ባለቤቴ ከኩሽና ወጣችና ተቀመጠች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ይኼ ሬስሊንግ የምትለው ነገር ውሸት እንደሆነ ታውቃለህ አይደል?»

አውቃለሁ። ሁሉም ያውቃል። በ1989 ትርኢቱን የሚያዘጋጀው ኩባንያ ራሱ ለኒው ጀርሲ ሕግ አውጪዎች ሬስሊንግ ስፖርት ሳይሆን መዝናኛ ነው ብሎ አመነላቸው። እውነት አስጨንቋቸው አይደለም። ስፖርት ከተባለ ቁጥጥሩና ግብሩ ስለሚከተል ነው። ሰው ግብር ሲመጣበት የማያምነው ነገር የለም።

ሬስለሮቹ ለዚህ ነገር «ኬይፌብ» የሚል ቃል አላቸው። እንደምናውቅ እያወቅን እንዳላወቅን መሆን ማለት ነው። ድሮ ጥብቅ ሕግ ነበር። በ1987 ባንዲራና ጣውላ ይዞ ስለ አሜሪካ የሚፎክረው ጂም ዱገን፣ አሜሪካን እየሰደበ ሕዝብ ከሚያሳብደው ኢራናዊው አይረን ሺክ ጋር ኒው ጀርሲ መንገድ ላይ በአንድ መኪና ሲሄዱ ፖሊስ ያዛቸው። ዕፅ ተገኘባቸው። ሁለቱም ተባረሩ። ሰው ግን ሲያወራ የከረመው ስለ ዕፁ ብቻ አይደለም። «ተኳርፈዋል ስንል አብረው ይሄዳሉ እንዴ?» ነው። ለቅሶ ቤት ጀርባ የተሰጣጡ ጎረቤቶች ገበያ አብረው ሲሸምቱ የተገኙ ነው የሚመስለው።

«እና አንተ ይኼን እያወቅክ ገንዘብ ትከፍላለህ» አለች ባለቤቴ።

ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኞቻችን ጋር ክትፎ ስንበላ የሆነውን አስታወስኳት። ሒሳብ መጣ። እኔ ብድግ አልኩ። ጓደኛዬ ክንዴን ጠመዘዘ። «በሞቴ!» አለ። «አንተ ትሙት!» አልኩ። ቦርሳዬን ነጠቀኝ። ኪሱ ውስጥ እጄን ከተትኩ። አስተናጋጇ እንደ ዳኛ መሃላችን ቆመች። ወንበር ወደቀ። ከጎን ጠረጴዛ ያሉ ፈረንጆች ፖሊስ ሊጠሩ ስልክ አወጡ። እኛ ግን ከመነሻው ሁለታችንም እናውቃለን። ባለፈው የከፈልኩ እኔ ነኝ፤ ዛሬ የሚከፍለው እሱ ነው። ውጤቱ ገና ክትፎው ሳይታዘዝ ታውቋል። ታዲያ ሲታገለኝ ገና በመጀመሪያው ዙር «እሺ ክፈል» ብዬ ብቀመጥስ? ዘጠኝ ዓመት የቆየ ጓደኝነት እዚያው ያበቃል።

«እሱ ይሉኝታ ነው» አለች።

«ኬይፌብ ነው» አልኳት።

እሺ ካርዱስ፣ አለች፣ ማንም የማይነካው፣ ማንም የማይጫወትበት ነገር ለምን ይጠቅማል? መልስ አልሰጠሁም። ቀስ ብዬ ወደ ብፌው አየሁ። ለሠርጋችን የተሰጡን አሥራ ሁለት የወርቅ ጠርዝ ብርጭቆዎች እዚያ አሉ። ለእንግዳ ተብለው ተቀመጡ። እስካሁን ለእነሱ የሚመጥን እንግዳ አልመጣም። አንድ ጊዜ ልጃችን በአንዱ ውሃ ሊጠጣ ሲል በመብረቅ ፍጥነት ነው የደረሰችበት። እሷም አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ነገሩ በአቻ ተለያየ።

ለክብሬ ስል አንድ ነገር ልጨምር ብዬ ሎጋን ፖል የሚባል ሬስለር በ2022 ሬስልማኒያ በሚባለው ትልቁ የሬስሊንግ ትርኢት ላይ 5 ሚሊዮን 275 ሺህ ዶላር የወጣበት ካርድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እንደገባ ነገርኳት። ዓይኗ በራ። «የማን ካርድ ነው?» አለች። እዚህ ላይ መዋሸት ነበረብኝ። የፖኬሞን ነው፤ ቢጫ አይጥ የመሰለ የልጆች ካርቱን። «ታዲያ ሬስለሩ ራሱ የሬስለር ካርድ ካልገዛ አንተ ምን ቤት ነህ?» አለችና ተኛች።

እሑድ እናቴን ለመሸኘት እንግዶች ጠራን። ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተበተነ። ቀና ስል ካርዴ ብፌው ውስጥ በብርጭቆዎቹ መካከል ቆሟል። ከነፕላስቲኩ፣ ከነአራቱ። ያስገባችው እናቴ ናት። «አሁን ተጠምቋል፤ ችግር የለውም» ብላ።

አንዲት ትልቅ ሴትዮ፣ ስኒያቸውን እንደያዙ፣ ወደ ብፌው ጠጋ አሉ። «ይኼ ጥቁር የለበሰው ማነው?» አሉ።

ባለቤቴ ወደ ጣሪያ አየች። እኔ ላስረዳ አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«የልጄ ወዳጅ ነው» አለች፣ ሁለተኛውን እየቀዳች። «ቀብር ላይ ነው የሚሠራው። እድር እንኳ የለው፣ ብቻውን ነው የሚለፋው።»

ሴትዮዋ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ወንድሙስ አይረዳውም?» አሉ።

«ተወው» አለች እናቴ። «ሥልጣን ላይ ነው።»